ለሞተር የተላከ ሽማግሌ

አዲስ መኪና ገዝቶ ሳይነካካው የሚያድር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። እንጅባራ ያለው የእህቴ ልጅ ፍጥነት እንዲጨምርለት ሞተሩ ላይ ቱርቦ አስገጠመ። መኪናው ዘይት እያቃጠለ ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር። ዋስትናው አላለቀምና እኔን ሽማግሌ አድርጎ ወደ ሻጮቹ ጋራዥ ወሰደኝ።

«ልጄ፣ ለእርቅ ነው የመጣነው» አልኩት መካኒኩን።

«ከማን ጋር ነው የሚታረቁት አባቴ?»

«ከሞተሩ ጋር።»

ሳቀ። «ሞተር የነካካ ሰው ዋስትናው ይቀርበታል፤ ለእርስዎ ስል ግን፣ ቱርቦውን ያስነቅል። ዘይቱን ሞልቼ አሽገዋለሁ፤ ጥቂት ነድቶት ሲመለስ ዘይቱ ከጎደለ ሞተሩን በዋስትናው እንቀይርለታለን።»

ጉልበቱን ስሞ ያመሰግናል ስል፣ የእህቴ ልጅ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ቱርቦው ከተነቀለማ በጥሊሊ ዳገት ላይ ባጃጅ ይቀድመኛል!»

ይኸው ዋስትናው ቀረ። ባጃጅ ግን እስከ ዛሬ አልቀደመውም፤ ባለባጃጁ በዚያ ጭስ ውስጥ መንገዱ የት ይታየውና!