እረፍቴና ጓጉንቸሩ

አምቦ የሚኖር ሰው እረፍት ሲወጣ የት ይሄዳል? እስኪ ንገሩኝ። የአዲስ አበባ ሰው ሲደክመው መኪናውን አስነስቶ ወደ እኛ ይመጣል። ፍልውሃው ውስጥ ይነከራል፣ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ፎቶውን ይነሳል፣ "አቤት አየሩ!" ብሎ ይመለሳል። እኛ ደግሞ ያንኑ አየር በነጻ እየሳብን ደክሞናል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

እኔማ እረፍት የመውጣት ሐሳብም አልነበረኝ። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ ሳል ይይዘኛል። አንድ ቀን የሰው ሀብት ኃላፊዋ ጠርታ የተጠራቀመው ፈቃድህ ሊቃጠል ነውና የገና በዓል ሳይደርስ ውጣ አለችኝ። የሚቃጠል ወጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፈቃድም ያራል። ቢሮ ያሉት ልጆች "ጋሽ ተፈራ፣ የት ልትሄድ ነው?" ሲሉኝ "ቤቴ" አልኳቸው። ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ቀልድ አልነበረም። ዕቅድ ነበረኝ።

ባለቤቴ ዘነበች ካረፈች ያ ሁለተኛው ገና ነበር። በእኛ ቤት በዓል የእሷ ነበር። የእኔ ድርሻ ዶሮውን መባረክ፣ ቄጠማው ላይ መቀመጥና "ጨው አነሰው" ማለት ነው። ቤታችን በበዓል ሰው አያጣም። ካርድ በትኖ መጥራት የለም። የግቢውን በር ገርበብ አድርገህ ትተዋለህ፣ ሰው "ቤቶች!" እያለ ይገባል። እኛ ሰፈር ተጠርቶ የሚመጣ ሩቅ ሰው ነው።

እሷ በሞተች ማግስት በነበረው ገና ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ድስት የያዘ፣ ሞሰብ ያሸከመ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጎርፍ ዋለ። ግን ያ የሐዘን ቤት ነው። ሐዘንተኛን ማን ብቻውን ይተዋል? አሁን ሐዘኑ ወጥቷል፣ ጥቁሩም ወልቋል። እና አንድ ጥያቄ ውስጤን ይበላኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት፣ ለእሷ ነበር የሚመጣው ወይስ ለእኔም ጭምር? ልጄ ሃና ነቀምቴ ነርስ ናት፤ ለበዓሉ ተረኛ ስለሆነች አልመጣም ብላኛለች። ስለዚህ ዶሮውን ራሴ እሠራለሁ፣ ሳህን እደረድራለሁ፣ እጠብቃለሁ። ከመጡ መጡ። ካልመጡም ቁርጤን አውቃለሁ አልኩ።

ሥራው የበዓሉ ዋዜማ ነው። እስከዚያ ግን ልረፍ አልኩ። ማን አሳርፎኝ!

ቤት መሆኔ እንደተሰማ ሰፈሩ ሥራ አገኘልኝ። አንዷ መጥታ ቆጣሪ አንባቢው ከመጣ በር ክፈትልኝ፣ አንተ እረፍት ላይ ነህ አለችኝ። ከላይ ያለው ሰውዬ አጥሩ ፈርሶበት የበዓል በጉን እኔ ግቢ አሰረው። በጉ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ፤ ናፍቆት እንደያዘው ገብቶኛል፣ እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ ነኝ። የእድሩ ጸሐፊ ጽሕፈትህ ያምራልና ይህን ቃለ ጉባኤ ገልብጥልኝ አለ። ከቢሮ ይደውላሉ። ሰማያዊው ፋይል የት ነው ይላሉ። የትኛው ሰማያዊ? ሁሉም ሰማያዊ ነው። ስልኬን ዘጋሁት።

የአጥር ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹም አልቀሩልኝም። አስተማሪ ናቸው፤ በእድሜም በቁመትም ይበልጡኛል። እሳቸውና ባለቤታቸው አዴ አያንቱ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ እኛ በጾም ስንጠወልግ ቅቤ ያለበት ነገር እየበሉ "አይዞህ" የሚሉ ደግ ሰዎች። ኦቦ ገመቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው ዲሽ ሲያዞሩ እኔ መስኮታቸው ሥር ቆሜ "መጣ! ሄደ! መጣ! ሄደ!" ስል ዋልኩ። ማታ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሰው እረፍት ወጥቶ ድምፁ ይጠፋል?

በነጋታው መላ መታሁ። የግቢዬ በር ቆርቆሮ ነው፤ እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ አለችው፤ በሷም ሰንሰለት ያልፋል። ከውስጥ ቆሜ እጄን በቀዳዳዋ አወጣሁና ሰንሰለቱን ከውጭ በኩል በጓጉንቸር ጠረቀምኩት። በቃ። የሚያይ ሰው ቤቱ ባዶ ነው ይላል። እኔ ውስጥ ነኝ። እንዲህ ያለ ብልሃት በመዝገብ ቤት ዕድሜዬ መጥቶልኝ አያውቅም።

አቤት ሰላም! እግሬን በሞቀ ውሃ ነከርኩ። የዘነበችን በርጩማ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። ሰው ይመጣል፣ ሰንሰለቱን ይነካል፣ "የለም" ብሎ ይመለሳል። እኔ አፌን በጋቢዬ ይዤ እስቃለሁ። የበጉ ባለቤትም መጣ። በጉን በበነጋው ስለወሰደው ድንገት ጮሆ የሚያሳጣኝ አልነበረም። የት ሄዶ ይሆን አለ አብሮት ላለው ሰው። ያኛውም ነቀምቴ ልጁ ጋ ሄዶ ይሆናል ብሎ መለሰለት። የበጉ ባለቤት ቀጠለና "ይሁን፣ ደግ አደረገ፤ እሱስ እዚህ ማን አለው?" አለ።

እዚህ ማን አለው?

ሄዱ። ሳቄ እዚያው ቀረ። ሰውዬው ክፉ ነገር አልተናገረም፤ አዝኖልኝ ነው። ግን ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው አልነበረም፤ የሌለ ሰው ቤት ማን ይመላለሳል? የፈለግኩት ሰላም ነበር፣ አገኘሁት። ከእሱ ጋር ምን እንደምሠራ ግን አላወቅኩም። ለበርጩማዋ ስለ ዲሹ አወራኋት።

የገና ዋዜማ በጠዋቱ ከፍቼ ገበያ ወጣሁ። ከጎረቤት ማንም አላየኝም። በበዓል ገበያ ሰው ዶሮ እንጂ ሰው አያይም። ቀይ አውራ ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቄጠማ ገዝቼ በባጃጅ ተመለስኩ። ዶሮው ባጃጁ ውስጥ ይጮሃል፣ ሾፌሩ ይስቅብኛል። ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እጄም የለመደውን አደረገ። እኔ ሐሳቤ ዶሮው ላይ ነበር።

ሽንኩርት ከትፌ አውቃለሁ? አላውቅም። ዘነበች ከሞተች ጀምሮ ሰው ፊት አላለቀስኩም። ያን ቀን ሽንኩርቱን አመካኝቼ አለቀስኩ። ማን ሊያየኝ? ማንም። ቢሆንም አመካኘሁ። ዶሮው ደግሞ አሥራ ሁለት ብልት አለው ይባላል፤ የእኔ አሥራ አራት ሆነ። ሁለቱ ከየት እንደመጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስልኬን ከፍቼ ለሃና ደወልኩ። ሽንኩርቱ ቀላ ወይ አለች። ቀላ። በርበሬው በሰለ ወይ። እኔ እንጃ፣ ያስነጥሰኛል። "ጥሩ ነው አባ፤ አሁን ቅቤውን..." አለችና ተቋረጠ። ባትሪው አልቋል። መብራቱም እንደ በዓል ልማዱ ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል። ቅቤውን ምን ላድርገው? ሁሉንም ጨመርኩት።

ቀምሼ እንዳላየው ጾም ነው። ዘነበች በጾም ስትሠራ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታሸትና "ደርሷል" ትላለች። ከፈትኩ፣ አሸተትኩ። የእሷ ወጥ ሽታ ነው። የሷው ቅመም፣ ከቁምሳጥኑ ያወጣሁት፣ በእጇ ያዘጋጀችው የመጨረሻው ብልቃጥ። ድስቱን መልሼ ከደንኩት።

ጉልበቴ ስለማይፈቅድልኝ ቅዳሴውን ከቤት ሆኜ በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አስቀደስኩ። ሲነጋ ቄጠማውን ጎዘጎዝኩ፣ ሳህኖቹን ደረደርኩ፣ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ተቀመጥኩ። እንግዳ ሳይገባ ድስት አይከፈትም፤ የቤቱ ሕግ ነው። እኔም በባዶ ሆዴ ጠበቅኩ።

ረፋዱ ላይ የእግር ኮቴ መጣ። ተነሳሁ። ኮቴው ቆመ፣ ተመለሰ። ተቀመጥኩ። ደግሞ መጣ። ደግሞ ተመለሰ። የሕፃናት ድምፅ፣ የሴቶች ሳቅ፣ ሁሉም እኔ በር ድረስ መጥቶ ሌላ ቤት ይገባል። ቀትር ሆነ። ቁርጤን ላውቅ አልነበር? ይኸው አወቅኩ። ለእሷ ነበር።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ። ሆዴ ባሰው። ዲሽ ሲያስይዙኝ አለሁ፣ በግ ሲያስሩብኝ አለሁ፣ በዓል ሲሆን የለሁም? ከእንግዲህ ቆጣሪ አንባቢውን ፈጣሪ ይክፈትለት አልኩ። ተነስቼ ድስቱን አቀረብኩ። ብቻዬን እበላለሁ። አንድ እንጀራ ዘረጋሁ፣ ጭልፋውን ያዝኩ። እጄ ግን እምቢ አለ። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ክፍቱ ድስት ፊት ጭልፋ ይዤ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው ከበሩ ውጭ የአዴ አያንቱን ድምፅ የሰማሁት። ከባላቸው ጋር በኦሮምኛ ይነጋገራሉ። ሽታው ከዚህ ቤት ነው ይላሉ አዴ አያንቱ። ኦቦ ገመቹ ሰው የለበትም እኮ፣ ተፈራ ነቀምቴ ሄዷል፣ ጓጉንቸሩን አታዪም ወይ ይላሉ። አዴ አያንቱ አልሰሙም። የዘነበች ወጥ ነው፣ እኔ አልስተውም፣ ከትናንት ጀምሮ ይሸተኛል፣ ዝም ያልኩት ትስቅብኛለህ ብዬ ነው አሉ። "ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ፣ ያቺ ሴት በዓሏን ልታከብር መጥታ ይሆን?" እያሉ አለቀሱ።

ጓጉንቸሩን!

ጭልፋውን ጥዬ ሮጥኩ። ጉልበቴ ቅዳሴ ላይ የከለከለኝን ያኔ ፈቀደ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ በደስታም በእፍረትም እጄን በቀዳዳዋ ሰደድኩት።

አስቡት እንግዲህ። ባዶ ቤት። የሟች ወጥ ሽታ። ድንገት ከበሩ ውስጥ የሚወጣ እጅ። እጁም በርበሬ የነካ ቀይ።

አዴ አያንቱ "በኢየሱስ ስም!" ብለው የጮሁት ጩኸት ጊንጪ ከተማ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። የኦቦ ገመቹም ጫማ ሲሮጥ ሰምቻለሁ፤ ኋላ ላይ እርዳታ ልጠራ ነው ብለዋል፤ ሰው ጎረቤቱን ያምናል። ከሩቅ ሆነው "ተፈራ ኮ! ጂርታ?" አሉ። አለህ ወይ ማለታቸው ነው።

"ጂራ!" አልኩ። "አለሁ ኦቦ! ቁልፉን ይቀበሉኝ፤ ከዚህ በኩል አልከፈት አለኝ!"

ከፍተው ገቡ። ምን ብዬ ላስረዳ? ሰው እንዳይመጣብኝ ቆልፌ፣ ሰው አልመጣም ብዬ አለቅስ ነበር ይባላል? ኦቦ ገመቹ ቄጠማውን አዩ፣ የተደረደሩትን ሳህኖች አዩ፣ እኔን አዩ። ጓጉንቸሩን ኮት ኪሳቸው ከተቱና "ይኼ እኔ ጋ ይቀመጥ" ብለው ተቀመጡ። አዴ አያንቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጡና ዓይናቸውን ከደኑ። ሽታው የእሷ ነው አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ቆይተው ደግሞ "ጣዕሙ ግን የአንተ ነው" አሉኝ። ቢሆንም ሳህናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ጎረቤቶቹን በአጥር ላይ ተጣሩ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣ የለም፤ ሁሉም ጓጉንቸሩን እያየ "በበዓል ጥሎን ይሂድ!" እያለ ሲቀየመኝ ነው የዋለው። እኔ እዚህ እነሱን አኩርፌ፣ እነሱ እዚያ እኔን አኩርፈው። ቤቱ ሞላ። በጉም ከባለቤቱ ጋር መጣ፣ ጥብስ ሆኖ። እዚህ ማን አለው ያለው ሰውዬ ሁለት ብልት በላ። እንደ ደንቡ አሥራ ሁለት ቢሆን ኖሮ እኔ ሳልበላ እቀር ነበር።

አሁን ምክር ትጠብቁ ይሆናል። በራችሁን ክፈቱ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ልላችሁ ነበር። እውነትም ነው። ግን መድኃኒትም ሲበዛ ያማል። ዘንድሮ ፈቃዴ እንደገና ሊቃጠል ሲል ወጣሁ፤ በሬም ክፍት ነው። ቃለ ጉባኤው መጣ፣ ቆጣሪው መጣ፣ በጉም መጣ፤ በጉ ሌላ ነው፣ ጩኸቱ ያው ነው። ጓጉንቸሬን ልለምን ወደ ኦቦ ገመቹ ሄድኩ። እሳቸው ዘንድሮ ጡረታ ወጥተዋል።

ጓጉንቸሬ በራቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከውጭ።

የሉም ብዬ ዞርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ቆምኩ። አሸተትኩ። ጨጨብሳ፣ በትኩስ ቅቤ። ተመለስኩና እጄን በቀዳዳቸው ሰደድኩ። አዴ አያንቱ አሁንም ጮሁ፤ እሳቸው መቼም አይለምዱትም።

የዘንድሮ እረፍቴን እዚያው ነው የጨረስኩት፤ ጾሜን ነኝና ለእኔ ቆሎ እየቀረበልኝ። ሰው በሩን ሲነካ ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ አዴ አያንቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ያፍናሉ። መቆለፍ ክፋት የለውም፤ ለብቻ መቆለፍ ነው ክፉው። ለገና በሩን እንከፍታለን ተባብለናል። ግን እኛን አትመኑን። በበዓል ስትመጡ ጓጉንቸር ብታዩ የሉም ብላችሁ እንዳትመለሱ። መጀመሪያ አሽትቱ።