የእቴ ዘሃራ ዝቅተኛ ውጤት

የሰው ቁመት ቢለካ፣ ክብደቱ ቢመዘን አልቃወምም። ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት በመጠይቅ እንለካለን ሲሉኝ ግን፣ ይኸው ዓመታት አልፈውም፣ ደሜ ይፈላል። ጥናቱ ይቅር አላልኩም፤ ራሱን የናቀ ሰው ስንት በደል ችሎ እንደሚኖር እናንተም አይታችኋል። የሚያናድዱኝ የጠየቁትን ሰው ሳያውቁ ውጤት የሚሰጡት ናቸው። መጠይቁን ያስሞላሁላቸውም እኔ ነበርኩ።

ሚሊኒየሙን ተቀብለን ብዙም ሳንቆይ አንድ ፕሮጀክት ወደ ከተማችን ወደ ከሚሴ መጣ። በገበያዋ በምትታወቀው ሰንበቴ ከተማ ፍየል የሚያደልቡ ሴቶችን ማኅበር ሊደግፍ ነው፤ ሊቀመንበሯን የምመርጠው ግን በራስ መተማመኗን ለክቼ ነው አለ። እኔ መምህር ነኝ፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ስለምችል መጠይቁን እንዳስሞላ ተቀጠርኩ። ከመሄዳችን በፊት ለልምምድ ብለን ራሳችንም ሞላነው።

እቴ ዘሃራ ማኅበሩን የመሠረተች ሴት ናት። በገበያ ቀን ከአፋር በመጣውና ከደጋ በወረደው ነጋዴ መሐል ቆማ ስታስማማ ያየ ሰው፣ ይህቺ ሴት ራሷን ትንቃለች ቢሉት ይስቃል።

"አካም ቡልቴ፣ መምህር?" ብላ ተቀበለችኝ።

"በራሴ እኮራለሁ" የሚለውን ሳነብላት ደነገጠች።

"አስተግፊሩላህ! ኩራት የአላህ ነው። አልስማማም በል።"

"ከሌሎች የተሻለ ችሎታ አለኝ" አልኩ ቀጥዬ።

"ኧረ እኔ ማን ነኝና! እሱንም አልስማማም በል።"

እኛ ዘንድ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ባለጌ መሆኑን እኔም፣ እሷም፣ ፍየሎቹም ያውቃሉ። ወረቀቱ ብቻ አያውቅም። እኔም እንዳለችኝ አንድ በአንድ ምልክት አደረግሁ።

ውጤቱ ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ስም እየተጠራ ተነበበ። እቴ ዘሃራ፣ "ዝቅተኛ"። ሊቀመንበርነቱ ቀርቶባት ሥልጠና እንድትገባ ተወሰነ፤ በራስ መተማመንን እንድትማር! ቦታዋን ያገኘችው ሁሉንም "በጣም እስማማለሁ" ያለች፣ የደለበ ፍየል ከከሳው የማትለይ ሴት ናት። እስቲ እናንተ ፍረዱ።

ንዴት አንገበገበኝ። ይህ ወረቀት ተሳስቷል፣ ሴትዮዋን አውቃታለሁ ልል ተነሣሁ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቀና ብሎ አየኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ እቴ ዘሃራ በር ላይ ጠበቀችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አንተ እኮ ታውቀኛለህ፤ ምነው አልነገርክልኝም?" አለችኝ።

ለልምምድ የሞላሁት ወረቀት እስካሁን ቤቴ አለ። "ያመንኩበትን በማንም ፊት እናገራለሁ" ይላል አንዱ ጥያቄ። "በጣም እስማማለሁ" ብያለሁ። ውጤቴ ከፍተኛ ነው።