ተራራውን የጋረድነው እኛ

ካሜራ ያለው ሰው ፎቶ የለውም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ባሌ ታፈሰ የአሰበ ተፈሪን ግማሽ ሕዝብ አንስቷል። ከገበያው ቁልቁል ወርዳችሁ በየቤቱ ጎራ ብትሉ፣ ግድግዳ ላይ ያለችው ሙሽራ፣ የምስክር ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ የቆመው ተማሪ፣ የግመሉን አንገት ያቀፈው ነጋዴ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። እሱ ግን የትም የለም። ሁሉ ቤት ገብቶ አንዱም ጋ ሳይቀመጥ የወጣ እንግዳ ይመስል።

ይህን ያወቅሁት አሁን፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ነው። እህቱ እትዬ የሺ ከደብረ ብርሃን መልእክት ላኩብኝ። ከአዲስ አበባ በባቡር ሚኤሶ ድረስ መጥተው፣ ከዚያ በመኪና ይወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመኑኝ። የታፈሰን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ግድግዳ ላይ እንድሰቅልላቸው። ሲሞት አልደረሱም፤ ሲቀበርም አልደረሱም። ፊቱን እያየሁ ላልቅስ ነው ያሉት። ይህ ይበዛል? አይበዛም። ግን የትኛውን ፎቶ?

ሳጥኑን ገለበጥኩት። የሌላ ሰው ፊት ብቻ። የመታወቂያውስ ትሉኝ ይሆናል። መታወቂያው አንድ ክረምት ታፈሰ ወንዝ ሲሻገር ኪሱ ውስጥ ረጥቦ፣ ከአገጩ በቀር የተረፈ ነገር የለውም። አገጭ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ስንጋባ በአካባቢው ካሜራ የሚባል ነገር አልነበረም። ካሜራውን ከገዛ በኋላ እኔ አንተን ላንሳህ ስለው መልሱ አንድ ነው፤ «በሚቀጥለው ፊልም»።

የሚቀጥለው ፊልም ሁልጊዜ የተራራው ነበር። ስለ ተራራው ሳልነግራችሁ ወደ ፊት አልሄድም።

ታፈሰ የክሊኒኩ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ሰው ሁሉ ሐኪም ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሐኪም አይደለሁም እያለ ያርም ነበር፤ በኋላ ደከመው። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ፊት ሲያይ ይውላል። የሚያቃስት ፊት፣ ልጁን ይዞ የፈራ ፊት፣ መርፌ ሲያይ የሚጨማደድ ፊት። አንድ ቀን በከተማችን ያለፈ የውጭ አገር ሰው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰጥቶት ሄደ። ላዩ ላይ ተራራ አለ፤ ከተራራው ሥር ውኃ አለ። ሌላ ምንም የለም። ታፈሰ እራቱን ትቶ አየው። «ሰው የለበትም እኮ!» አለኝ፤ ደስታው ቃሪያ የሌለበት ወጥ የቀረበለት ሕፃን ዓይነት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም እንዲህ ያለ ፎቶ አነሣለሁ አለ።

ተራራ ደግሞ ሞልቶናል። ከቁኒ በላይ ያለውን ጋራ የማያውቅ የለም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎችና ፈረንጆች የደጋ አጋዘን ሊያድኑ በእኛ በኩል ነበር የሚያልፉት። እኛ ግን የከተማው ሰዎች ስሙን እንጂ መልኩን አናውቅም። ታፈሰ ዕቅድ ማውጣት ጀመረ። በክረምት አይሆንም፣ ጭጋግ ነው። በበጋ አይሆንም፣ አቧራ ነው። ዝናቡ እንዳበቃ፣ አየሩ ታጥቦ ማሽላው ሳይታጨድ፣ ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመጣ። ይህን ሲናገር ጣቶቹን አራት ማዕዘን አድርጎ በመሐላቸው ያያል። እኔ ድስት ይዤ ፊቱ ስቆም፣ «እስቲ ትንሽ ዞር በይልኝ» ይለኛል። ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ነው! ተራራው ግን ለእሱ እዚያ ነበር። እንዲህ እየተባልኩ ስንት ጊዜ ከገዛ ቤቴ ዞር አልኩ።

ፊልሙ የሚመጣው ከድሬዳዋ ነው። ሚኤሶ በባቡር ይደርሳል፤ ከዚያ ሾፌር ተለምኖ ያመጣዋል። ሾፌር የያዘው ዕቃ ደግሞ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም። ሐኪም ፊልም መጣለት ሲባል ደጃችን ይሞላል። ወደ ሂርና የምትዳር ልጅ አለች፣ እንዴት እንቢ ይባላል? ወታደር ቤት የሚሄድ ወንድም አለ። ሽማግሌ አባት ታመዋል፣ ሳያመልጡን አንሳልን ይላሉ። ታፈሰ ይሄዳል፤ ያነሣል፤ ማታ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «አለቀ» ይላል። ተራራው ለከርሞ ይዛወራል። የከርሞውም እንደዚያው።

በዚህ ሁሉ መሐል የሚያሾፍበት ወዳጁ ኦቦ ሙሜ ነው። ሙሜ እስከ መቻራ ድረስ እየዞረ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ ነው፤ የጭነት መኪና አለው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ግን እርስዎ የሚባል ነገር አያውቅም። ለአውራጃው ገዥም አንተ፣ ለቄሱም አንተ ነው፤ ማንም አይቀየመውም። እኔን አዴ ይለኛል፤ እመቤት እንደ ማለት ነው። ሙሜ የተራራውን ነገር ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሐኪም፣ ወላሂ አመመህ። ተራራ የት ይሄድብሃል? ሰውን አንሳ። የሚሞተው ሰው ነው።»

ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። አሁን ይህችን ቃል ለብቻዬ ሆኜ አስባታለሁ።

ቢሆንም ያደረሰን እሱ ነው። የእናቱ ወገኖች እዚያው ጋራው ሥር ናቸው። አንድ ጥቅምት ፊልሙን በቡና ጆንያ ውስጥ ደብቆ አመጣልን፤ ማንም አልሰማም። ሦስታችን መንገድ ጀመርን። ከቁኒ በኋላ መኪናው ቆመ፤ በበቅሎ ወጣን። ስንደርስ ጭጋግ። ታፈሰ ግን ለዓመታት የጠበቀው ነገር ፊቱ ሆኖ ማን ይያዘው? ጭጋጉ ትንሽ ሲሳሳ አንድ፣ ሲወፍር አንድ እያለ አነሣ። አሁን ይገለጣል ይላል፤ ያነሣል። እነዚያ ፎቶዎች ኋላ ታጥበው ሲመጡ የተዘረጋ አንሶላ ይመስሉ ነበር። ሲመሽ በካሜራው ውስጥ የቀረችው የአንድ ፎቶ ፊልም ብቻ ነበረች።

ያደርነው የሙሜ አጎት ሼህ ዩሱፍ ቤት ነው። ጠዋት ብንወጣ ሰማዩ ጠርቷል። ጥዱና ኮሶው ታጥቦ ያበራል፤ ጋራው እስከ አናቱ ራቁቱን ቆሟል። ታፈሰ ከላይ ቁልቁል የሚታይበትን ካሜራውን ከሆዱ አጣብቆ አጎነበሰ። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ሰው አለ። እንግዳ መጥቷል ተብሎ ከየአቅጣጫው የወጣ፣ ለበዓል የሚለብሰውን የለበሰ፣ ፀጉሩን ቅቤ የተቀባ ሰው። ተሰልፎ ይጠብቃል። ታፈሰ ቦታ ቀየረ። ሰዎቹም አብረው ቀየሩ። ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ግራ ሄዱ።

በመጨረሻ ሙሜን እባክህ ዞር እንዲሉልኝ ንገራቸው አለው። ሙሜ በኦሮምኛ ነገራቸው። ቀስ ብለው የመለሱት ሼህ ዩሱፍ ናቸው፤ ሙሜም ሳይስቅ አስተረጎመ።

«ሐኪም፣ አጎቴ ይጠይቅሃል። ይሄ ፎቶ ወደ ከተማ ይሄዳል ወይ? ይሄዳል። ትልልቅ ሰዎች ያዩታል ወይ? ሊያዩት ይችላሉ። እንግዲያው ተራራውን ብቻውን አትውሰደው ይልሃል። ባለፈው ገመድ ይዘው መሬት የሚለኩ ሰዎች መጡ። ከታች ቆመው ቀና ብለው አዩ፤ ሰው የለበትም ብለው ጻፉ። እኛ እኮ ከጥዱ ኋላ ነበርን። አሁን ደግሞ አንተ ሰው የለበትም ብለህ በፎቶ ልታሳያቸው ነው?»

ታፈሰ ጋራውን አየ። ሰዎቹን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ምን እንዳሰበ አውቄያለሁ። ለዓመታት ያቀደው ነገር ባንዲት ፊልም ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሊያታልላቸው ይችል ነበር እኮ። እነሱን ያነሣ መስሎ ካሜራውን ከራሳቸው በላይ ቢያደርግ ማን ያውቅበታል? እሱ ግን እጁን ዘረጋና፣ «ግቡ» አለ። «ሁላችሁም ግቡ። አንቺም ግቢ። ሙሜ፣ አንተም ሂድ።»

ገባን። ሰው አልበቃም ብሎ ሌላ ይጨመራል። ሕፃናት ይጠራሉ፤ አንዲት አሮጊት ተደግፈው ይመጣሉ። ሁሉም እንዲገባለት ታፈሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሌላ ይጨመራል፤ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ። ዓይኑ ካሜራው ላይ ነው፤ ኋላውን አያይም። ሙሜ «ሐኪም፣ ሳማ!» ብሎ ሲጮህ ጊዜው አልፏል። ታፈሰ ሰው በሚያህል ሳማ ውስጥ በቂጡ ተቀመጠ። የከተማ ሱሪ ለሳማ ምኑ ነው? ዘሎ ሲነሣ ጣቱ ካሜራውን ተጫነው። ቀጭ አለ። አለቀ።

ፎቶው ከድሬዳዋ ሲመጣ ታፈሰ አዘነ። ጋራው የለም፤ በእኛ ትከሻና በእኛ ጥምጣም ተጋርዶ፣ ከጫፉ ጭላንጭል እንኳ አልታየም። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ሰው ፎቶ የሚነሣው ዳኛ ፊት የቀረበ መስሎ ነው። እኛ ግን አንዳችንም አፋችንን አልዘጋንም። ሙሜ በሳቅ ጎብጧል። ሼህ ዩሱፍ በትራቸውን ለቀዋል። እኔ ነጠላዬ ወድቆ፣ ጥርሴ ሁሉ ወጥቶ፣ በአንድ እጄ ወደ ፊት እያመለከትኩ ነው። ታፈሰ «ይሄ ፎቶ አይደለም» ብሎ ሳጥኑ ሥር ከተተው። አንድ ሌላ ቅጂ ግን አሳጥቦ ለሼህ ዩሱፍ ላከላቸው። ሙሜ እንደሚለው፣ ገመድ ይዞ ለመጣ ሁሉ ያወጡና ያሳያሉ። ፎቶው ገመዱን ማስቆሙን እንኳ እንጃ። ሰዎቹ ግን ጋራው ሥር እስከ ዛሬ አሉ።

ታፈሰ ወደ ተራራው አልተመለሰም። ለከርሞ እያለ፣ ወባ ገብቷል ተብሎ ሚኤሶ ቆላ ተላከ። ትኩሳቱን ይዞ ተመለሰ፤ እሱ ያዳናቸው ሰዎች ተሸክመው ቀበሩት።

እንግዲህ ለሙት ዓመቱ ሳጥኑን ስገለብጥ ከሥር ያገኘሁት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎን አደረግሁት። ኋላ መልሼ አነሣሁት። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚያየው፤ ታፈሰ ወደ ወደቀበት። ሙሜም፣ ሼህ ዩሱፍም፣ አሮጊቷም፣ እኔም። ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ አንድን ሰው ሲወድ ሌላ የት አይቻለሁ? ሙሜን በትልቁ አሳጥብልኝ ብዬ ድሬዳዋ ላክሁት። ሲያመጣው አላሾፈም፤ ምስማሩን ራሱ መታልኝ።

እትዬ የሺ መጡ። ከደጅ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ፤ ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደው ቆሙ። ለቅሷቸው ቀስ በቀስ ተቋረጠ። ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ተጠጉ፤ ከዳር እስከ ዳር አዩ።

«ምንድነው ይሄ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ተራራ ነው።»

«የታለ ተራራው?»

«እኛ ጋርደነው ነው።»

«በለቅሶ ቤት እንዲህ ጥርሱን የሚያሳይ ሰው ይሰቀላል? እሺ፣ ወንድሜስ? ታፈሰ የታለ?»

ክንዳቸውን ያዝኩ። ፎቶው ውስጥ ያለነው ሁሉ አሁን የምናየው እሳቸውን ነበር።

«እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» አልኳቸው። «የቆሙት እሱ ላይ ነው።»