አጥሚት እየጠጣች የተለቀሰላት

በሽተኛ መጠየቅ እንደ እኛ አገር ሰው የሚያውቅበት የለም። አንዱ አተኮሰኝ ካለ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃነቃል። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ግንባሩን ይዳስሳሉ፤ የለበሱትን ጋቢ ገፈው ይደርቡለታል። ከዚያ በዚሁ በሽታ ማን ማን እንደሞተ ይነግሩታል። ይህ እንግዲህ ማጽናናታቸው ነው። መቅረትማ እንዴት ተደርጎ? ሳትጠይቂኝ ቀረሽ የሚለው ቂም ከሕመሙ በላይ ዕድሜ አለው።

ይህን የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ነው። ስህተት ያገኘ ዝም ብሎ ይለፈው፤ እኔም የስንቱን አልፌያለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። እኛ ኮምቦልቻ፣ ልጄ ዘሃራ ደሴ። ኮሌጅ ገብታ እዚያው ታድራለች። ከዘመዶቻችን ኮሌጅ የረገጠ ሌላ ስለሌለ ገበያ መሃል አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። ታዲያ አይገባኝም? አንድ ቀን ከደሴ የወረደ ነጋዴ ዘሃራ ታማለች፣ ከታመሙት ሴቶች ልጆች ጋር ክፍል ዘግተውባታል አለኝ። ክው አልኩ። በሽተኛ ላይ በር ይዘጋል እንዴ? ልጄ ሰረቀች?

አጥሚቴን በፔርሙዝ ሞልቼ ወጣሁ። ብቻዬን ልሄድ ነበር፤ ግን ማን ለቆኝ። ጎረቤቴ አስካለ ወሬውን ከእኔ ቀድማ ሰምታለች። አስካለ ክርስቲያን ናት፣ እኔ እስላም፤ እንደ እህትማማች ነን፤ ማለቴ ከመጣላት የምናርፈው ስንበላ ብቻ ነው። እሷ ስትነሳ ሌላውም ተነሳ። የዘሃራ አባት ብቻ ቀረ፤ በሬ ሊገዛ ደጋን ገበያ ወርዷል። አውቶቡሱን ሞልተን የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣን።

ኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው ክልክል ነው አለን። ክልክል ከሆነ እዚሁ እንጠይቃታለን ብለን ደጁ ላይ ነጠላችንን ተከናንበን መሬት ተቀመጥን። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ወጣችና በሽታው ተስቦ ነው አለችን። የሚያዛምተው ቅማል ነው፤ ልጆቹ የደሴን ብርድ ሲሸሹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ አልጋ ይተኛሉ፣ ጋቢም ይዋዋሳሉ፣ ቅማሉም አብሮ ይዋዋሳል። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። በተስቦው እንዳይመስላችሁ፤ በቅማሉ ነው። የእኔ ልጅ? በእንዶድ አጥቤ የላክኳት? ከአንቺው ራስ ወርዶ ይሆናል አልኳት ነርሷን። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ሊሆን ይችላል አለችኝ። ይኼኔ ይበልጥ ደነገጥኩ።

የኮሌጁ ካድሬም መጣ። መሬት ተቀምጠን ሲያየን ዓይኑ ፈጠጠ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ እንደማይቻል ነገረን፤ ተስቦ የሚባለው ወሬም የጠላት ነው፣ ቅማል ከባላባቱ ጋር ሄዷል አለን። የየትኛው ማኅበር አባላት እንደሆንን ጠየቀ። የበሽተኛ ጠያቂ ማኅበር አልኩት። አንገቱን እያከከ ሄደ።

ነርሷ ግን አዘነችልኝ መሰል ተመለሰች።

«እማማ፣ አንድ ሴት ብቻ ላስገባ። የሴቶች ማደሪያ ስለሆነ ወንድ አይገባም። የምትገባዋም ራሷን ተላጭታ፣ ልብሷ ተቀቅሎ ነው።»

ያ ሁሉ ጠያቂ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው የሥጋ ዘመዷ ሲሞት ነው። ሼሆቹ ቢቆጡንም አልተውነውም። የእኔ ሹሩባ ደግሞ ወገቤን ይመታ ነበር። ግን ልጄ ውስጥ ናት። ላጪኝ አልኳት።

ተላጭቼ ገባሁ። ዘሃራ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ዓይኗን ጭንቅላቴ ላይ ተከለችው።

«አባዬ ሞተ?» አለችኝ።

አባትሽ ደጋን በበሬ ዋጋ እየተጨቃጨቀ ነው፣ ይልቅ ጠጪ አልኳት። ጠጣች። ትኩሳቱ መብረድ ጀምሯል፣ ክፉውን አልፋዋለች አለችኝ ነርሷ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወጣሁ። ሻሼ ገና ድስት ውስጥ ነው፤ ራሴን እንደተገለጥኩ የሆስፒታል ሽርጥ ለብሼ፣ ጥርሴን ፈገግ አድርጌ ብቅ አልኩ።

አስካለ ጭንቅላቴን አየች። ከዚያ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ደረቷን ደቃች፣ መሬት ወደቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አለቀሰ። የተላጨሁት ለመግባት ነው፣ ተሽሏታል እኮ፣ አጥሚት ጠጣች እላለሁ። ስናገር ይባሳሉ። ለካ መርዶ የሚደበቀው እንዲህ ነው። የሞተ ሰው ዘመዱ እስኪረዳ ድረስ ተሽሎታል ይባላል እንጂ ሞተ አይባልም። ነርሷ ወጥታ ደህና ናት ስትል ጭራሽ አበዱ። ሬሳዋስ የት አለ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን ሬሳ አለመሰጠት ማንን ይገርመዋል?

ንዴቴ መጣ። እሺ፣ ካላመናችሁኝ አንዳችሁ ተላጩና ገብታችሁ እዩአት አልኩ። ምላጩ እዚህ አለ። እያንዳንዷ ሻሿን ጠበቅ አደረገች። አስካለ እንባዋን እየጠረገች፣ ዘሃራን እንዲያ ሆና ለማየት ልቤ አይችልም አለች። ተያይዘው አውቶቡስ ገቡ።

ልብሴ ደርቆ ወደ ቤቴ ስወርድ ደጄ ላይ ዳስ ተጥሏል። ባሌ መሃል ተቀምጦ በርታ እየተባለ ነው። እሱን እንኳ ወላሂ ብዬ አላሳመንኩትም። አስካለን በስሟ ጠርቼ መሳደብ ስጀምር ግን ብድግ አለ። ልጅ የሞተባት ሴት እንዲህ አጥርታ አትሳደብም፣ ዘሃራ አለች አለ። ለቀስተኛው ግን ዳሱ ከተጣለ ወዲህ ማን ይነሳል? ወጉን አድርሰው፣ በልተው ሄዱ።

ዘሃራ ድና በእግሯ መጣች። አስካለ አቅፋ ሳመቻት፣ ከሁሉ በላይ ደስ ያላት እሷ ነበረች። እኔ ግን አልለቀቅኳትም። ለብቻዋ ጠርቼ፣ እስኪ እውነቱን ንገሪኝ፣ ከስንት ዘመን ጉርብትና በኋላ ቃሌን አላመንሽም አልኳት።

«አመንኩሽ እንጂ» አለችኝ፣ ሹሩባዋን እያስተካከለች። «ገና ከበሩ ስትወጪ ነው ያመንኩሽ። ግን እቴ ሐዋ፣ አለች ካልኩ ገብቼ ልጠይቃት ነው፤ ልጠይቃት ደግሞ ልላጭ ነው። ለሞተች የጎረቤት ልጅ ግን ማልቀስ ብቻ ይበቃል።»