ለቀኝ እጄ ተተኪ ፍለጋ

ሰው ሳልለምነው ሲመክረኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። አይፍረዱብኝ! ካይሮ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው፣ “ለአንተ ብዬ ነው” የሚል ነጋዴ ሲገጥመው ነቃ ይላል። “ወላሂ” ከተጨመረበትማ እኔ ሱቁን ለቅቄ እወጣለሁ።

ይኸው አመሌ ነው ሞተር ሳይክሌ ላይ ጣጣ ያመጣብኝ። ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው፤ ከአይን ሻምስ ሀረም፣ ከሀረም አይን ሻምስ፣ ከከተማዋ ዳር እስከ ዳር። ነዳጅ የሚሰጠው የቀኝ እጀታ ሲለቁት ይመለሳልና ቀኑን ሙሉ ጠምዝዤ ይዤው ስውል የእጄ አንጓ አበጠ፤ ጉርሻ መጠቅለል እንኳ አቃተኝ። እጄ ከሰነፈ እንጀራዬ ቀረ ማለት ነው፤ ፈራሁ። ባለቤቴ አስካለ፣ እሷም ሰው ቤት ስትሠራ ውላ የምትገባው፣ በቅባት እያሸችኝ፣ “አንድ የሚያሳርፍህ ነገር ግዛ እንጂ! እጅህ ብረት መሰለህ?” አለችኝ።

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት፣ ሐጅ የሚሉት ሽማግሌ፣ ሦስት ነገር ደረደረልኝ። አንደኛው ፍጥነቱን ራሱ ጠብቆ ፍሬን ሲያዝ የሚለቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ከሞተሬ ሊበልጥ ምንም አልቀረው፣ ደግሞም ከእኔ በላይ የሚያስብ ዕቃ አላምንም። ሁለተኛው እጀታው ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ ምላስ ነው፤ መዳፍዎን ጣል ሲያደርጉበት ነዳጁን ይይዛል፣ ሲያነሡ ይለቃል። ሦስተኛው ከፕላስቲኩ የሚወደድ፣ እጀታውን ባለበት የሚቆልፍ ብረት ነው፤ እጅዎን አንሥተው ቢያጨበጭቡም ነዳጁ አይቀንስም።

“ፕላስቲኩን ውሰድ። ብረቱ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ለከተማ አይሆንም” አለኝ ሐጅ።

ነቃሁበት! ውዱን ተው፣ ርካሹን ውሰድ የሚል ነጋዴ የት አይተው ያውቃሉ? ለወዳጁ ሊያስቀምጠው ነው እንጂ! ብረቱን ገዛሁ።

ሦስት ቀን ተዝናናሁ። ቀለበት መንገዱ ላይ ቆልፌ እጄን ጭኔ ላይ አሳርፋለሁ፤ እብጠቱም ጎደለ። አርብ፣ በእረፍት ቀናችን፣ አስካለን ከኋላ አፈናጥጬ በአባሲያ ስናልፍ መንገዱ ክፍት ነበርና ቆለፍኩ። እዚያ ያለው የኮፕቶች ካቴድራል ጉልላት ብቅ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አይቼ ሳላማትብ አልፌ አላውቅም። ድሮ እጄን ሳነሣ ነዳጁ ይቀንስና ሞተሩም አብሮኝ የሚሳለም ይመስል ዝግ ይል ነበር። ያን ዕለትም ራሴን ዝቅ አድርጌ አማተብኩ።

ቀና ስል አንድ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ፊቴ ተገትሯል። ሞተሬ ግን ይከንፋል! የፊት ፍሬኑ የሚያዘው በቀኝ እጅ ነው፤ ቀኝ እጄ ያለው ግንባሬ ላይ ነው። አስካለ “በስመ አብ!” ብላ ጮኸች። በግራዬ ፍሪሲዮኑን ጨምድጄ፣ የኋላውን ፍሬን በእግሬ ረግጬ፣ እየተንሸራተትን ሄደን ክንድ ሲቀረን ቆምን። አስካለ ወርዳ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ልገድላት ነበር፤ አፈርኩ።

በማግሥቱ ብረቱን ይዤ ሄድኩ። ሐጅ “ማሌሽ”፣ ምንም አይደል፣ ብሎ በፕላስቲኩ ቀየረልኝ። ምን አስቦ ይሆን?

አስካለም ደንብ አወጣች። “አንተ እጅህን እንዳታነሣ፤ እኔ ለሁለታችንም አማትባለሁ።”

ተስማማሁ። ጉልላቱ ብቅ ሲል ዞሬ ማየት አልችልም፤ እጇ ሲንቀሳቀስ ግን ከጀርባዬ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ብቻ። ለሁለት ሰው አንድ ጊዜ ይበቃል እንዴ?