ወኪሉ የደገሰበት ቅዳሜ

አንተ ቤትህን ለማን አስረክበህ ነው እንዲህ ዘና ብለህ የተቀመጥከው? ሰውየውን ታውቀዋለህ? ወይስ እንደ የሺመቤት «የአጎቴ ልጅ ነው» ብለህ ፈረምክለት?

የሺመቤት ቤይሩት ውስጥ የሰው ቤት ስታጸዳ ዓመታት አልፈዋል። ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በእሷ ስም ያለ የአባቷ ግቢ አላት። ግቢው ውስጥ ታናሽ እህቷ አስካለ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ታሳድጋለች። ጣራው ያፈሳል። ክረምት በመጣ ቁጥር አስካለ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ትገፋለች። ስለዚህ እህትማማቾቹ ተማከሩ፤ ከአጥሩ ሥር ያለችው ባዶ ቁራሽ መሬት ትሸጥና ጣራው ይታደስ ተባባሉ።

የአጎታቸው ልጅ ደምመላሽ የውክልናውን ፊርማ ሲለምን ሌላ ሰው ነበር። በየሰንበቱ ይደውላል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። «እኔ የእናንተ አሽከር ነኝ። ዓይናችሁ ሆኜ አያለሁ፣ እግራችሁ ሆኜ እሮጣለሁ» ይላል። የሺመቤት ቆንስላው ሄዳ ፈረመች። ወረቀቱ «እንደ እኔ ሆኖ ይሽጥ፣ ይለውጥ» ይላል እንጂ ስለ ቁራሿ መሬት አንድ ቃል የለበትም። አላነበበችውም። ሁሉም ሰው የሚፈርመው ይህንኑ አይደል?

ከፊርማው በኋላ ስልኩ አይነሳም። ደምመላሽ ግቢው ገብቶ የአባትየው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እኔ» ማለት ትቶም «እኛ ወስነናል» ማለት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ። የለኩት ባዶውን ቦታ አልነበረም፤ መኝታ ቤቱን፣ ማዕድ ቤቱን፣ የስፌት መኪናዋ ያለችበትን ክፍል ነው። አስካለ መቀሷን እንደያዘች ወጣች።

«ጋሼ፣ የሚሸጠው እኮ ከወዲያ ነው።»

«ገዢው ሁሉንም ነው የፈለገው። ለእናንተው ብዬ ነው።»

«እኛስ የት እንግባ?»

«እሱ በሂደት ይታያል።»

የቤቱ ስም ወደ ገዢው የሚዞረው ሰኞ ነው። አስካለ ቤይሩት ደወለች። «እታለም፣ ዛሬውኑ ቆንስላው ሂጂና ውክልናውን ሻሪው!»

የሺመቤት መለሰች። «ሥጋችን አይደል? ወንድሟን ሻረች ብሎ ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው ምን ይለኛል! ይህቺ ቃል ስንቱን ግቢ አስወስዳለች! የሰጠ እጅ መልሶ መውሰድ ይችላል፤ ሕግም አይከለክለውም። እኛ ግን ስንሰጥ እልል ብለን፣ ስንነሳ አፍረን እንሞታለን። ሌባው ሳያፍር የተሰረቀው ያፍራል።

ቅዳሜ ደምመላሽ በዚያው ግቢ ደገሰ። የአገሩን ወግ ያውቃል፤ አንዱን በግ ለክርስቲያኑ፣ አንዱን ለእስላሙ ለየብቻ አሳረደ። ማንም «እኔ አልቀመስኩም» እንዳይል ነው። ጎረቤቱ በየወገኑ ተቀምጦ በላ። እርስ በርስ ባይነካካም፣ ሁሉም የበላው ከአንድ እጅ ነው።

አስካለ ወደ እድሩ ዳኛ ቀረበች። «ሼህ ይማም፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ሽማግሌው ወደ መሬት አዩ። «ልጄ፣ አፌ ሞልቷል።»

«የሞላ አፍ አይመሰክርም!» ብሎ አንዱ ከኋላ ቀለደ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

በዚህ መሃል የአስካለ ስልክ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ማዕዱ መሃል አስቀመጠችው።

«ጋሼ ደምመላሽ፣ የሺመቤት ነኝ። ትናንት ቆንስላው ሄጄ ሽሬሃለሁ። ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ሰነበትኩ። በኋላ ግን እህቴ ልጆቿን ይዛ መንገድ ላይ ስትወድቅስ ሰው ምን ይላል አልኩ።»

የሚያኝክ ጠፋ። ደምመላሽ እጁን በፎጣ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ።

«የሺዬ፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ሰው ፊት አይሆንም። ለብቻችን እንነጋገር።»

«ለብቻችን የተነጋገርነውማ ይኸው እዚህ አደረሰን! ባለቤቶቹ በሕይወት እያለን፣ አሽከራችሁ ነኝ ብለህ ገብተህ፣ በላያችን ጌታ ያደረገህ ማን ነው? ይህ ሁሉ ሕዝብ እየሰማህ፣ አሁን መልስ!»