የቀጭን ክንፍ ነገር

ሰው ፈጣን ነገር ሲመኝ ቀጥ ብሎ መሄዱን እንጂ መዞሩን አያስብም። ይህን ለማወቅ ወረታ መገንጠያው ላይ ቆሞ ከባሕር ዳር የሚመጣውን ሚኒባስ ማየት ይበቃል። መንገዱ ቀጥ እስካለ ድረስ ሾፌሩ ንጉሥ ነው፤ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፍ ግን ተሳፋሪው ሁሉ የየደብሩን ታቦት መማጸን ይጀምራል። እኔ ይህን በየቀኑ እያየሁ ያልተማርኩ ሰው ነኝ።

እዚሁ ወረታ የንድፍ ሥራ አስተምራለሁ። ጓደኛዬ ውብሸት ደግሞ የፊዚክስ መምህር ነው። ሁለታችንም ከአዲስ አበባ የመጣን ነን፤ ሌላው መምህር ቅዳሜን በካርታ ሲያሳልፍ እኛ ትንንሽ አውሮፕላን እንሠራለን። ለጌጥ የሚቀመጥ እንዳይመስላችሁ! በሞተር የሚበር፣ መሬት ላይ ቆመው በሬዲዮ የሚነዱት፣ በተተከሉ ምሰሶዎች ዙሪያ የሚሽቀዳደም ነው። የሰፈሩ ሰው «የመምህሮቹ ዝንብ» ይለዋል።

ዘንድሮ ግን ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም። ውብሸትን የዓይን ግፊት ይዞታል። ሐኪሙም የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ነግሮታል። አሁን ዓለምን በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኗል፤ ፊት ለፊቱ ያለው አለ፣ ከጎኑ ያለው የለም። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ፣ «አንድ ጊዜ እንሽቀዳደም። ከዚያ በኋላ አልነዳም» አለኝ። ቀጠለና፣ «ደግሞ አዝነህ እንዳትሸነፍልኝ፤ ካወቅሁብህ ተቀያየምን» አለ። ምን ይባላል? እሺ አልኩ።

ስለዚህ የምር ሠራሁ። ክንፉን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም በጋለ ሽቦ ቆረጥኩ። ነፋስ እንዳይዘው አሳሳሁት፤ ደግሜም አሳሳሁት። ወጋግራ እንዲሆነው ከጫፍ እስከ ጫፍ የቀርከሃ ስንጣቂ ቀበርኩበት፤ ይቅለል ብዬ እሱንም ፋቅሁት። ብርሃን ላይ ስይዘው የጣቴ ጥላ ከማዶ ይታይ ነበር። ማማሩ! የውብሸት ክንፍ ግን ወፍራም ነው፤ እንዳይጠፋበት ደማቅ ቢጫ ቀብቶታል። ይሄ ክንፍ ሳይሆን ትራስ ነው አልኩት። እሱ ሳይቆጣ፣ አውሮፕላን ሲዞር ክንፉ የሚሸከመው ክብደት እንደሚባዛ አስቤበት እንደሆነ ጠየቀኝ። የፊዚክስ መምህር ነገር! ስቄ አለፍኩት።

ቀበሌውን አስፈቅደን፣ ቁሐር ሚካኤል በሚባለው አካባቢ ሩዙ የታጨደበት ማሳ ላይ ምሰሶዎቹን ተከልን። ባለማሳው አያ ደሴ አውሮፕላኖቹን ዞረው ዞረው አዩና ምን እንደሚጭኑ ጠየቁ። ምንም አይጭኑም አልኳቸው።

«ታዲያ ምን አስቸኮላቸው?» አሉኝ።

ሞተሮቹን አስነሣን።

ተነሡ። የኔው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሄደ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ሲዞር ክንፉ እንደ ደጋን ጎበጠ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእኔ ዓይን አይቶ እጄ ፍጥነት ጨመረ። ሁለተኛው ምሰሶ ላይ አጥብቄ ሳዞረው ክንፉ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ግማሹ ክንፍ ከማሳው አጠገብ የተዘራ ጓያ ውስጥ ወደቀ፣ የቀረው ከነሞተሩ ቦይ ገባ።

ማዘን እንኳ ሳልጀምር፣ «የት ነው?» አለ ውብሸት። ድምፁ ሌላ ሆኗል። አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሰማዩን ይፈልጋል፤ ቢጫው ከዓይኑ ወጥቷል። አውሮፕላኑ ደግሞ የአያ ደሴ ከብቶች ወደሚግጡበት እያመራ ነው። መቆጣጠሪያውን ልንጠቀው? እጄን ዘረጋሁ፤ ግን የመጨረሻ በረራውን ከእጁ መንጠቅ አቃተኝ። ከኋላው ቆሜ ትከሻውን ያዝኩ።

«ወደ ግራ» አልኩት። «ቀስ። እንደሱ። አሁን ምሰሶው ጋ ደርሷል፣ አዙረው። አታጥብቀው፣ ላላ አድርግ፤ ክንፉን አታስጨንቀው።»

ዞረ። የቀረውንም እኔ እያየሁ እሱ እየነዳ ጨረስነው። በመጨረሻ ቢጫው ገለባው ላይ ተንሸራቶ ቆመ። አያ ደሴ «ተመስገን!» አሉ፤ ለከብቶቻቸው ይሁን ለውብሸት እንጃ።

ውብሸት መቆጣጠሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና፣ «አሸነፍኩህ?» አለኝ። አሸነፍከኝ አልኩት፤ እውነቴንም ነበር። አዝኜለት ይሆን ብሎ ፊቴን በዚያች በቀረችው ብርሃኑ መረመረኝ። ቦይ ውስጥ የተቀረቀረውን ስብርባሪ ሳሳየው ግን አመነኝ።

«ይገርማል» አለ። «‹ቀስ በል፣ ላላ አድርግ› የሚል ይህን የመሰለ ምክር እያለህ፣ ለራስህ ምነው ነፈግኸው?»